እትዬ ማሼ የምትጸየፈው

የታችኛዋ ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት አዲስ የሸክላ ድስት ገዝታ ስታሟሽ ዋለች። ዘይቱ ሸክላው ውስጥ ሲሰርግ የሚወጣውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጭስ ነው እንዳይሉት ጭስ አይደለም፣ ምግብም አይደለም፣ አፈርም አይደለም፣ ሦስቱም ተደባልቀው ነው። እኔ ልብስ ላሰጣ በረንዳ ላይ ወጥቼ ነበር። ሽታው ሲደርሰኝ እርጥቡን አንሶላ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ተመልሼ ገረሴ ከተማ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ እትዬ ማሼ በራችን ላይ ቆማለች።

ስለ እሷ ለማንም በወጉ አውርቼ አላውቅም። አንድም አፍሬ ነው፤ አንድም ዛሬም ድረስ ሳስባት አፌ ስለሚያያዝ ነው።

አባቴ የአማርኛ መምህር ነው፣ የወሎ ሰው። እናቴም የዚያው አገር ሰው ናት። እኔ ግን አርባ ምንጭ ተወልጄ፣ ማንጎ በድንጋይ ሳወርድ ያደግኩ የቆላ ልጅ ነኝ። ሚሊኒየሙ በገባበት ዓመት አባቴ ወደ ገረሴ ተዛወረ። ለምን እንደተዛወረ እሱ አንድ ምክንያት ይናገራል፣ እናቴ ሌላ፤ እኔ ሁለቱንም አላምናቸውም። ዕቃችንን አይሱዙ ላይ ጭነን ዳገቱን ወጣን። በቀጭን ሸሚዝ የወጣሁት ሴትዮ እስክንደርስ ጥርሴ እየተንገጫገጨ የጋቢ ያለህ አልኩ። ገረሴ ጠዋት ጠዋት ጉሙ እንደ እንግዳ በር ድረስ ይመጣል። ሰማዩ ሲጠራ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ጫሞ ሐይቅ ይታያል ብለውኝ፣ አገሬ ናፍቆኝ በየሳምንቱ እየሄድኩ አፈጥ ነበር፤ የማየው ጉም ነው። ሲያላግጡብኝ ይሁን እውነት ይሁን እስካሁን አላጣራሁም።

እትዬ ማሼን መጀመሪያ ያየኋት በገበያ ቀን ነው። በእንሰቱ ጓሮዎች መሐል በምታልፈው ጠባብ መንገድ ከእናቴ ጋር እየሄድን ነበር። ጎመን የተሸከሙ ሴቶች አሉ፣ በሬ የሚነዳ ሰው አለ፣ ተማሪ አለ። ድንገት ሁሉም ወደ ጎን ወደ ጎን አለ። በሬ የሚነዳው ሰው እንኳ በሬውን ወደ አጥሩ ገፋው። እናቴም እጄን ሳብ አድርጋ ጥግ አስያዘችኝ። በተለቀቀው መንገድ መሐል ለመሐል አንዲት ቀጭን ሴት፣ ከእሷ የሚበልጥ የድስትና የእንስራ ክምር በገመድ ጀርባዋ ላይ አስራ፣ ግራ ቀኝ ሳታይ አለፈች። ሰላም ያላት የለም። እሷም ማንንም አላለችም።

በእኔ ዕውቀት መንገድ የሚለቀቀው ለሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ለታቦትና ለባለሥልጣን መኪና። እንግዲህ ይህቺ ሴት ምን ብትሆን ነው አልኩ። እናቴን ማን ናት ብዬ ስጠይቃት ሸክላ ሠሪ ናት አለችኝና ፈጠን ፈጠን ማለት ጀመረች። ሸክላ ሠሪ የሚለው ቃል ያን ዕለት ልክ እንደ ፊታውራሪ ያለ ማዕረግ ሆኖ ጆሮዬ ገባ።

እዚህ ላይ ስለ አክስቴ ካልተናገርኩ ስህተቴ አይገባችሁም። የአባቴ ታላቅ እህት ደሴ ነበር የሚኖሩት፤ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ እኛ ዘንድ ይመጣሉ። የሚመጡ ሰሞን ቤታችን ጦር የመጣ ይመስል ይተረማመስ ነበር። ግድግዳ ይታጠባል፣ ሳህን ይፈገፈጋል፣ የእኔ ጥፍር ይመረመራል። አክስቴ የሰው ብርጭቆ አይነኩም፤ የራሳቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ነው የሚመጡት። የጎረቤት ቤት ቢጠሩ አይገቡም፣ በር ላይ ቆመው ጤና ይስጥልኝ ብለው ይመለሳሉ። እናቴ ስለ እሳቸው ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሳቸው እኮ ይጸየፋሉ» ትል ነበር። እኔም መጸየፍ ማለት የትልቅ ሰው ነገር፣ ሁሉም የማይታደለው፣ ሌላውን ሁሉ የሚያንቀጠቅጥ ማዕረግ መሆኑን በዚያው ተማርኩ።

ታዲያ እትዬ ማሼ ድስት ልትሸጥልን ደጃችን ስትመጣ ያየሁትን ሁሉ በአክስቴ ሚዛን መዘንኩት። የአጥራችን በር ላይ ትቆማለች እንጂ አትገባም። የምትጠጣበት ትንሽ ቅል ከወገቧ አይለይም። ውሃ ስትጠይቅ እናቴ ጆጉን ከፍ አድርጋ፣ አፉ ቅሉን እንዳይነካ ተጠንቅቃ፣ ከላይ ታወርድላታለች፤ ለካህን እጅ ሲያስታጥቡ ያየሁት እንደዚያ ነው። የቀረበ ምግብ ካለ እናቴ ዘላ ትሸፍነዋለች። ምግባችን የሚያሳፍር ሆኖ ነው ብዬ አዘንኩ። ትንሹን ወንድሜን ናቲን ደግሞ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ጓዳ ትሮጣለች። ይኼ አልገረመኝም። እውነት ለመናገር ናቲ ንፍጣም ነበር፤ ለእንዲህ ያለች ሴት የሚታይ ልጅ አልነበረም።

እኔ ግን አልሸሸግም አልኩ። በመጣች ቁጥር ፊቴን ታጥቤ፣ ፀጉሬን በውሃ አስተኝቼ፣ እጄን ወደ ፊት አድርጌ እቆማለሁ፤ ንጽሕናዬን አይታ አንድ ቀን ራሷን ነቅነቅ ብታደርግልኝ ብዬ ነው። አንድም ቀን አላደረገችም። የምታየው ድስቷን ብቻ ነው። በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አድርጋ ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ ድምፁ ደስ ካላላት አትሸጥም። አንድ ቀን እናቴ ወዳ የመረጠችውን ድስት አንኳኳችና «ይሄ ታሟል» አለች። እናቴ ምንም አልሆነም እኮ፣ ስጪኝ ብላ ብትለምናት፣ «አንተ አታውቅም» ብላ ድንጋይ ላይ ጥላ ከሰከሰችው። አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም ነበር፤ ለእናቴም አንተ፣ ለአባቴም አንተ፣ ለእኔም አንተ ነው። የቤታችንን እመቤት አንተ አታውቅም ያለችው ሴት እሷ ብቻ ናት። እናቴ ኩም አለች፤ እኔ ግን በደስታ ልሞት።

ሴት ልጅ አለቻት፣ ታደለች የምትባል። እኔን ታክላለች። አራተኛ ክፍል ጨርሳ እቤት ልትቀር ስትል አባቴ ነው የደረሰላት። ድስት ይዛ ከእናቷ ጋር መጥታ ሳለ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ ከመሬት አንሥታ አንድም ቃል ሳትስት ስታነብ ሰማ። አባቴ የሚያነብ ልጅ ሲያይ ሌላ ሰው ይሆናል። በራችን ላይ ቆሞ እትዬ ማሼን ለመናት። እሷም ሸክሟን ሳታወርድ እንዲህ አለችው፦

«ትልቋ ልጄ በእኔ ስም ሰደቧት፣ አልቅሶ ወጣ። ይቺም አንድ ቀን በእኔ ስም ከተሰደበ ትምህርት የለም፤ ይመጣል፣ ጭቃ ይረግጣል። ጭቃ አይሳደብም።»

አባቴ ቃሌ ነው፣ እኔ ባለሁበት ክፍል ማንም አይሰድባትም አላት። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የገባኝ ግን በራሴ መንገድ ነው፤ የተከበረች ሴት ስሟ አይነሣም፣ ከተነሣ ልጇን ይዛ ትሄዳለች፣ ተገቢ ነው አልኩ።

አምስተኛ ክፍል ስልሳ ያህል ነበርን። አንድ ወንበር ላይ አራት እየሆንን፣ አንዱ ሲጽፍ የሌላው ክርን ጎኑን እየወጋው ነው የምንማረው። ታደለች ግን ከኋላ፣ መስታወት በሌለው መስኮት ሥር፣ ብቻዋን አንድ ሙሉ ወንበር ይዛ ትቀመጣለች። ቀናሁ። ቅናቴ ልክ አልነበረውም። አንድ ቀን ሄጄ አጠገብሽ ልቀመጥ ብላት ረጅም ጊዜ አየችኝና «ተይ፣ ይቆጡሻል» አለችኝ። እናቷ ናት የምትቆጣው ብዬ ተመለስኩ።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ እናቴን ውሃ ልቅዳ ብዬ ዋሽቼ እትዬ ማሼንና ታደለችን ሰፈራቸው ድረስ ተከተልኳቸው። ቤታቸው ከሌላው ሰው ቤት ራቅ ብሎ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከቀርከሃው ጀርባ ተደብቄ አየሁ። ጥሬዎቹን ድስቶች መሬት ላይ ደርድረው ደረቅ ሣርና የቀርከሃ ስባሪ ከመሩባቸውና እሳት ለቀቁበት። እኔ እሳት የማውቀው ከድስት ሥር ሲሆን ነው፤ ድስት ራሱ እሳት ውስጥ ሲገባ አይቼ አላውቅም። ነፋሱ ሲመጣ እሳቱ ያጓራል። ሣሩ አልቆ ሲረግፍ ድስቶቹ ቀይ ሆነው፣ ብርሃን ከውስጣቸው የሚወጣ መስለው ቆሙ። እትዬ ማሼ ጢሱ መሐል ገብታ በረጅም እንጨት አንድ በአንድ ታነሣቸዋለች። ዓይኗን አትጨፍንም። አታስልም። እኔ እዚያ ሩቅ ሆኜ እንኳ ፊቴ ይለበልበኛል። የተሰማኝ ፍርሃት አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጋረጃው ሲከፈት የሚሰማኝ ዓይነት ነገር ነው።

ሳታየኝ አልቀረችም። ፊቷን ሳታዞር፣ «ወደ ቤት ሂድ። እናትህ ይቆጣል» አለች። እሷም ጸየፈችኝ ብዬ ዳገቱን እያለቀስኩ ወጣሁ።

አባቴ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ቃላት ጽፎ ያስቀምጥ ነበር። በየሳምንቱ አምስት ልጅ አንድ አንድ ወረቀት ያወጣል፤ የወጣለትን ቃል ትርጉሙንና ከየት እንደመጣ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቆ፣ ጽፎ፣ ዓርብ ያነባል። የጋሞ ልጆች አማርኛውን እንዲለምዱ ነበር ሐሳቡ። ቃል ሁሉ የትውልድ አገር አለው፣ ሂዱና አገሩን ፈልጉ ይለን ነበር። በታኅሣሥ ተራዬ ደርሶ እጄን ሰደድኩ። የወጣልኝ «መጸየፍ» ነው።

እናቴን ጠየቅኳት። ሆድሽ ሲገለበጥ ነው፣ አክስትሽ በረሮ ሲያዩ እንደሚሆኑት አለችኝ። ይኼ አልበቃኝም። ጎረቤታችን አቶ ጉቼ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ የአገሩ ተወላጅ ናቸውና እሳቸው ዘንድ ሄድኩ። ቃሉን ስነግራቸው በበትራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ስንወለድ እዚህ ነበር አሉኝ። ከዚያ ደግሞ፣ ልጄ ይሄን አትጠይቂ፣ ሌላ ቃል ይስጥሽ አባትሽ አሉ። ሽማግሌ እንዲህ ሲል ምሥጢር አለው ማለት ነው። ምሥጢሩን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ዓርብ ከሰሌዳው ፊት ቆሜ አነበብኩ። ወረቀቱን አባቴ አስቀምጦት ስለነበር ዛሬ እኔ ዘንድ አለ፤ ቃል በቃል ይኼው፦

«መጸየፍ ማለት በጣም ንጹሕና ትልቅ የሆነ ሰው ሌላውን አልፈልግም ሲል ነው። በከተማችን ይህ ቃል የመጣው ከእትዬ ማሼ ነው። እትዬ ማሼ የማንም ቤት አይገቡም። በማንም ዕቃ አይጠጡም። ሰው ሁሉ እንዳይነካቸው መንገድ ይለቅላቸዋል። ልጃቸው ታደለችም ከማንም ጋር አትቀመጥም። እኛ ሁላችን ለእሳቸው ንጹሕ አይደለንም። እኔ እንዳይጸየፉኝ ጥፍሬን በየሳምንቱ እቆርጣለሁ።»

«አይገቡም፣ አይጠጡም» ስል ነው መጀመሪያ ኋላ ያሉት ወንዶች ልጆች ፍርፍር ያሉት። በገረሴ ምድር እትዬ ማሼን አንቱ ያለ ሰው አልነበረምና። የልጇን ስም ስጠራ ግን ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ጨረስኩ። ጥሩ የጻፍኩ መስሎኝ አባቴን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። ታደለች ደብተሮቿን አንድ ላይ ሰበሰበች፣ ተነሣች፣ በመሐላችን አልፋ ወጣች። አላለቀሰችም። አባቴ ስሟን ሁለት ጊዜ ቢጠራት ዞር አላለችም።

ያን ቀን ምሳ ላይ ሁሉን ነገሩኝ። አባቴ ነው የነገረኝ፣ አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሰዎች መንገድ የሚለቁት ሸክላ ሠሪ እንዳይነካቸው ነው። ቤት የማትገባው ስለማያስገቧት ነው። ቅሉን የምትይዘው እሷ በጠጣችበት ዕቃ ማንም ስለማይጠጣ ነው። ታደለች ብቻዋን የምትቀመጠው ልጆቹ አጠገቧ መቀመጥ ስለሚጸየፉ ነው። እያንዳንዱን ሲነግረኝ፣ ያየሁት ነገር ሁሉ እንደ ልብስ ተገለበጠብኝ።

«ታዲያ እማዬ ናቲን ለምን ነው የምትደብቀው?» አልኩ።

አባቴ እናቴን አያት። እናቴ እየነደደ ያለውን እሳት እፍ እፍ ማለት ያዘች። ዓይን ይበላዋል ብዬ ነው፣ እኔም ከእናቴ ያየሁትን ነው አለች። አባቴንስ፣ አንተ ለምን አንድ ቀን ግቢ አላልካትም ልለው ፈልጌ ነበር፤ ዓይኑን ሳየው ተውኩት። ያን ቀን የገባኝ ነገር አስፈራኝ። መጸየፍ ከየት እንደመጣ ፈልጌ ሽማግሌ ቤት ድረስ ሄጃለሁ፤ እሱ ግን እኛው ጓዳ ውስጥ፣ እናቴ ብብት ሥር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ እጄን ይዞ ወደ ቁልቁለቱ ወረድን። ታደለች ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ቋጥራ ጭቃ እየረገጠች ነው። ቀና አላለችም። እትዬ ማሼ የእንስራ አንገት እያወጣች ነበር፤ እኛን አይታ እጇን ከሸክላው አላነሣችም። አባቴ የወሎ ይቅርታውን አወረደው፤ ልጅ ናት፣ አታውቅም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቃሌን ያጎደልኩ እኔ ነኝ አለ። አባቴን እንደዚያ ሲለማመጥ አይቼው አላውቅም። እሷ የእንስራውን ከንፈር በእርጥብ ቅጠል ታለሰልሳለች። በመጨረሻ፣ ምን ብሎ ነው የጻፈው አለች። ታደለች ስምሽን ጠሩት ከማለት በቀር አልነገረቻትም ኖሯል። አባቴ ሊነግራት አፉን ሲከፍት በጭቃ እጇ አስቆመችው።

«እዚህ አይደለም» አለች። «ሰው ፊት የተባለ ሰው ፊት ነው የሚሰማ።»

ዱቡሻ የሚባለው የጋሞ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት ሜዳ ነው፤ በሰው ፊት የተነገረ ክፉ ቃል በሰው ፊት ነው የሚነሣው፣ እዚያ ተቀምጦ። እትዬ ማሼም ሆነች ወገኖቿ ግን ዱቡሻ ላይ መቀመጫ አልነበራቸውም። ይህንን ለአባቴ አስታወሰችውና፣ ስለዚህ ዱቡሻዬ ያንተ ክፍል ይሁን፣ ሰኞ እመጣለሁ፣ ልጁ እዚያው ያንብብልኝ፣ ስድብ ከሆነ ልጄ ተመልሶ አይገባም አለች። ታደለች ጭቃውን መርገጥ አቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየቷን እግዜር ያውቀዋል፤ ትምህርቷ ያለው ምላሴ ላይ ነበር፣ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ሁለት ሌሊት አልተኛሁም ብል ግነት አይሆንም። እሑድ አባቴን ሌላ ጽሑፍ ልጻፍ፣ ደግ ደጉን ልጻፍ ብዬ ለመንኩት። ያነበብሽውን ነው የምታነቢው፣ እሷን አንድ ጊዜ ዋሽተናታል፣ ይበቃል አለኝ። ማን እንደዋሻት አልጠየቅኩትም።

ሰኞ መጣች። ጭቃ የሌለበት እጇን ያን ቀን ነው ያየሁት። የታጠበ ነጠላ ለብሳለች። ታደለች ከኋላዋ ናት፣ ደብተር አልያዘችም። አባቴ ግቢ አላት። ደፉ ላይ ትንሽ ቆም አለችና ገባች። ፊት ለፊት ያሉት ወደ ኋላ ሸሸት ሲሉ ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ። እሷም ሰምታዋለች።

አነበብኩ። ሁለት ቦታ መስመሩ ጠፋብኝ። አንድም ልጅ አልሳቀም። ስጨርስ እትዬ ማሼ «‹ለእሳቸው ንጹሕ አይደለንም› ያልከው፣ እሱን ድገም» አለችኝ። ደገምኩ።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። አይቼ ነው» አልኩ። «መስሎኝ ነው።»

አየችኝ። ሦስት ወር ሙሉ ፊቴን ታጥቤ የጠበቅኩት ዓይን ያን ጊዜ መጣ። የተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። አንድ ነገር ውስጧ ወዲያና ወዲህ ሲል ይታየኛል። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረችና በጋሞኛ መናገር ጀመረች። ልጆቹ ሁሉ ይሰሟታል፤ ለአባቴና ለእኔ ብላ ታደለች ወደ አማርኛ ትመልሳለች። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ እናቷ ክንዷን ነካ ስታደርጋት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እናቴ፣ ከዚህ ክፍል እኔ በሠራሁት ድስት የተቀቀለ ያልበላ ማነው፣ እጁን ያውጣ ትላለች።»

ማንም አላወጣም። ጠበቀች። ከመጀመሪያው ወንበር ጀምራ እስከ ኋላ አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። የአባቴ እጅ ጠመኔ እንደያዘ ጎኑ ላይ ቀርቷል። እሱን ለመጨረሻ አቆይታው ነበር፤ እሱንም አየችው።

«እኔ ከሠራሁት እየበላ እኔን ደጅ የሚያቆመውን ሰው እጸየፋለሁ ትላለች። ድሮም እጸየፍ ነበር፣ አፍ አውጥቼ አላልኩም። ዛሬ ልጅቷ ስለጻፈችው አልኩ። የጻፈችው ልክ ነው ትላለች እናቴ፤ ንጹሕ አይደላችሁም።»

ታደለች የመጨረሻውን ስትመልስ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። የእናቷ ብቻ አልመሰለኝም፤ የራሷንም ጨምራበታለች። ስልሳ ልጅ፣ አብዛኛው የባለ መሬት ልጅ፣ መሬት በሌላት ሴት ፊት ጥፋተኛ ሆኖ ተቀምጧል፤ እሷ ግን ሲጨንቃቸው ለማየት እንኳ አልቆየችም። ወደ አባቴ ዞራ በአማርኛ፣ «ስድብ የለበትም» አለችው። «ታዴ ይማር።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በመስኮቱ ቁልቁለቱን ስትወርድ አየናት፤ ግራ ቀኝ አላየችም።

ታደለች መሐል ላይ ብቻዋን ቀረች። ወደ ኋላ፣ ወደ መስኮቱ ሥር የምትሄድ መስሎን ሁላችንም ጠበቅን። ሦስት እርምጃ ሄደችና እኔ ወንበር ዘንድ ስትደርስ ቆመች። እኛ አራት ነበርን፣ ለአምስተኛ የሚሆን ቦታ ጨርሶ የለም። ዳር ያለችው ልጅ አባቴን አየችው፤ አባቴ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳው ላይ የዕለቱን ቀን እየጻፈ ነበር፣ ጠመኔው ሁለት ጊዜ ተሰበረበት።

«ጠጋ በይ» አለችኝ ታደለች።

ተጠጋሁ።